ጣሪያ የነበረው ቦርሳ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሥቼ ወጣሁ። ድግሱ ጥሩ ነበር፤ ሰዉም ጨዋ ነበር። ያስወጣኝ ድንኳኑ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ የመታችው ወፍራም ሸራ የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ሰም፣ አቧራና የቆየ ዝናብ የተደባለቀበት። እሱ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ሳህኔን አስቀምጬ ተነሣሁ። ጎረቤቴ እስከ በር ተከትሎኝ መጣና "ምን አጎደልንብህ?" አለኝ። ምንም እንዳላጎደሉብኝ ላስረዳው ስል የአክስቴንና የእህቴን የቦርሳ ነገር ባጭሩ ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝ። "እንዴት ደስ የሚል የልጅነት ትዝታ ነው!" ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ይህን የምጽፈው ያንን ሳቅ ለማበላሸት ነው። ባገራችን ማንኛውም ነገር ጥቂት ከቆየ ጣፋጭ መሆን አለበት የሚል ያልተጻፈ ሕግ ያለ ይመስላል። ረሀቡ "ያኔ እኮ ረሀቡም ለዛ ነበረው" ይባላል፤ የመምህሩ አለንጋ ሳይቀር ይናፈቃል። የተገረፈው ሰው ራሱ ጠባሳውን እያሳየ ይስቃል። ቁጣን ይዞ መቆየት እንደ ጋጠወጥነት ስለሚቆጠር ሁላችንም ትዝታችንን ስኳር ነስንሰን ለእንግዳ እናቀርባለን። የኔ ስኳር የለውም።

ነገሌ ቦረና ያኔ በአንድ በኩል ጦር ሰፈር፣ በሌላ በኩል የከብትና የግመል ገበያ፣ በመካከላቸው ቀይ አቧራ ነበረች። አባታችን ከመንዝ የወረደ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። በዚያ ዓመት እናታችን የታመሙ ወላጇን ልታስታምም ወደ ላይ አገር ሄዳ ስለነበር ቤቱን የያዘችው የአባቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ የሺ ነበረች። ባሏ አሥር አለቃ ነበር። ሲሞት የተወላት አንድ የወታደር ድንኳንና ብዙ ቅሬታ ነው፤ ሁለቱንም ጠቅልላ እኛ ቤት ገባች።

እህቴ ትርንጎ ቆዳዋም ጸጉሯም ቅንድቧም ነጭ ሆኖ የተወለደች ልጅ ናት። ዛሬ ለዚህ የሐኪም ስም አለው። ያኔ የነበረው የሰፈር ስም ብቻ ነው፤ "ፈረንጇ" ይሏት ነበር። የነገሌ ፀሐይ እኛን ታጠቁረናለች፤ እሷን ግን ትልጣት ነበር። እኔ በልጅነት ልቤ ፀሐይ እህቴን የምታሳድዳት ነጭነቷን ከሷ ሰርቃ የተወለደች መስሏት ነው ብዬ አምን ነበር። አመሻሽ ላይ ከቤታችን ጓሮ ቆሜ፣ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል፣ "እሷ አልወሰደችም፣ እንዲሁ ነው የተወለደችው" እላት ነበር። አልሰማችኝም።

ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ የአውሮፕላን ማረፊያውን ሜዳ ታክኮ የሚያልፍ ነው፤ አንድ ዛፍ የለበትም። ትርንጎ ነጠላ ተከናንባ፣ ዐይኖቿን ጨፍና፣ እጄን ይዛ ትሄድ ነበር። ብርሃኑ ስለሚወጋት መንገዱን በኔ እጅ ነበር የምታየው። ነጠላ ደግሞ ፀሐይ አያስጥልም። ዝናቡ አልፎ ደረቁ ወቅት ሲገባ አንገቷ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፤ ከንፈሯ ተሰነጠቀ። አባታችን አንድ ቀን ራት ላይ ፈረደ።

"ከነገ ጀምሮ ቤት ትቀመጥ። ፊደል ቆጥራለች፤ ስሟን ትጽፋለች። ለሴት ልጅ ይበቃል።"

"አንተስ ስምህን ከመጻፍ ሌላ ምን ታደርጋለህ?" አለችው እትዬ የሺ። "ቀኑን ሙሉ በሰው ክስ ላይ ስምህን ስትጽፍ አይደል የምትውል!"

"እትዬ፣ ልጅቷ እየነደደችኮ ነው። አላዩአትም?"

"አይቻለሁ። ጃንጥላ ግዛላት።"

አባቴ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። በዚያ ከተማ ጃንጥላ የሚያዝላቸው የአውራጃ ገዢው ባለቤትና የደብሩ አለቃ ነበሩ፤ ከነሱ ሌላ ታቦት። "የጸሐፊ ልጅ በጃንጥላ ትምህርት ቤት ሄደች ቢባል ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል! ሰው ሲናገር ቁጭ ብለህ ትጽፋለህ፤ ሥራህ አይደል?"

እውነቱን ለመናገር ጃንጥላው ቢገዛም አይሆንም ነበር። ትርንጎ አንድ እጇ የኔ ነው፤ ሌላው ደብተር ይይዛል። የሜዳው ነፋስም የጎልማሳ ቆብ የሚነጥቅ ነው። እትዬ የሺ ይህን ሁሉ አስባ ለብዙ ቀን አኮረፈች። ሲቸግራት ትኮርፋለች፤ ካኮረፈች በኋላ ነገር ታገኛለች።

ያገኘችው ቅዳሜ ገበያ ላይ ነው። ከፊልቱ በኩል የመጡ የግመል ሰዎች ሰፈር ለቀው ሲጓዙ የቤታቸውን የጎበጡ እንጨቶች ግመሉ ላይ ያስሩታል፤ እንጨቶቹ ከግመሉ ጀርባ በላይ ቅስት ይሠራሉ፤ በላያቸው ምንጣፍ ይጣልና ሕፃናቱ ከሥሩ ተቀምጠው ይሄዳሉ። እትዬ የሺ አንዷን ግመል ስታይ ቆመች። ከቅስቱ ሥር ሁለት ልጆችና አንድ ግልገል ተኝተዋል። ከላይ ፀሐይ እንደ እሳት ነው፤ እነሱ ግን ላብ እንኳ የላቸውም።

ወደ ባለ ግመሏ ሴት ተጠጋች። "አካም? ናጋ?" አለቻት፤ የምታውቃት ኦሮምኛ ይህችው ነበረች።

"ናጋ" አለች ሴትዮዋ፤ ከዚያ ረጅም ነገር ጨመረች። እኔ ከሰፈር ልጆች በለመድኩት ኦሮምኛ አስተርጓሚ ሆንኩ።

"እንጨት ትፈልጋለች በላት" አለችኝ እትዬ የሺ። "ቀጭን፣ የጎበጠ።"

ሴትዮዋ ግመል እንዳለን ጠየቀች። የለንም አልኳት። ቤት ልንሠራ እንደሆነ ጠየቀች። አይደለም፣ ለልጅ ጀርባ ነው አልኳት። እየሳቀች ጓደኞቿን ጠራች፤ የከተማ ሰዎች ልጃቸውን ሊጭኑ ነው እያሉ ተሳሳቁ። ትርንጎ ይህን ጊዜ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። የሴትዮዋ ሳቅ ቆመ። የተሰነጠቀውን ከንፈር አየች፤ አንገቷን አየች። "አዱ" አለች ወደ ፀሐይዋ እየጠቆመች፤ ከዚያ ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ ቅስት አድርጋ "ጋዲሳ" አለች። ጥላ ማለቷ ነው። ከራሷ ጭነት ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መዝዛ ሰጠችን። እትዬ የሺ በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ትምባሆ ፈትታ እጇ ላይ አራገፈችላት፤ እንደ እህትማማች ተያይተው ተለያዩ።

የገበያው ልብስ ሰፊ ግን ድንኳኑን አገላብጦ አየና፣ "እትዬ፣ ይህ ሸራ የመኪናዬን መርፌ ይበላል፤ እኔ ደግሞ እንጀራ የምበላው በመኪናዬ ነው" ብሎ መለሳት። ስለዚህ በእጇ ሰፋችው። በረንዳው ላይ ሸራውን ዘርግታ፣ በወስፌ እየበሳች፣ ሰም በቀባችው ክር በጆንያ መርፌ እየጎተተች ትሰፋ ነበር። በየስፌቱ ሟች ባሏን ትሰድበዋለች። "ይችን ድንኳን ተሸክመህ አገር ለአገር ስትዞር እኔ ቤት ጣሪያው ያፈስብኝ ነበር! አሁን ይኸው፣ ተቀደድ!" ሸራው ቀን በፀሐይ ሲሞቅ ሽታው ቤቱን ሁሉ ይሞላው ነበር። እኔ ሽታው የሟቹ አሥር አለቃ ነፍስ ይመስለኝ ስለነበር በበረንዳው ሳልፍ እጅ እነሣ ነበር።

ቦርሳው ሲያልቅ ሁለት ማንገቻ ያለው ጠንካራ ነገር ሆነ። እንጨቶቹ ከትከሻው ላይ በሽቦ ቀለበት ተያይዘዋል፤ በመካከላቸው ሸራ ተወጥሯል። ዝም ሲሉት ቦርሳው ላይ ተጣጥፎ ይተኛል። ደረት ላይ ያለውን ሲባጎ ሲስቡት ግን ከኋላ ይነሣና ራስን አልፎ እስከ ግንባር ፊት ይዘረጋል። ሲባጎው ቁልፍ ላይ ይጠመጠማል፤ ሁለት እጅ ነፃ ነው። መጀመሪያ ስንሞክረው ትርንጎ በግንባሯ ተደፋች፤ ጣሪያው ይከብዳል፣ ቦርሳው ባዶ ነው። እትዬ የሺ አስባ አስባ ሚዛኑ ከኋላ መሆን እንዳለበት አገኘችው። ዳዊቷን ከተተች፤ አልበቃም። የአባቴን ወፍራም የሕግ መጽሐፍ ከተተች፤ ቆመ። ስለዚህ እህቴ መጽሐፍ ካልተሸከመች የማይሠራ፣ በዓለም ላይ ምናልባት ብቸኛው ቦርሳ ባለቤት ሆነች። አባቴ በየጧቱ ሕጉን ሲፈልግ ያረፍድ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን ሜዳው ላይ ሲባጎውን ሳበች። ጣሪያው ተነሣ። እጄን እንደያዘች ትንሽ ሄደችና እጄን ለቀቀችው። ዐይኖቿን ገልጣ ነበር።

"ይኼ ኩይሳ ሁልጊዜ እዚህ ነበር?" አለችኝ።

ከሷ በላይ የሚረዝም፣ ምስጦች የሠሩት ቀይ ኩይሳ ነው። ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋለች።

"ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

ትምህርት ቤት በር ላይ ልጆቹ ይጠብቁን ነበር። "ግመሏ መጣች! ግመሏ መጣች!" ከሁሉም የሚጮኸው ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ የሸናው ልጅ ነበር። ትርንጎ ከጣሪያዋ ሥር ሆና ወደሱ ዞረች። "ግመል እንኳ ክፍል ውስጥ አይሸናም" አለችው። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከጣሪያው ሥር ለመሄድ ይሽቀዳደሙ ጀመር። የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ መምህር ጃርሶ፣ የዚያው አገር ልጅ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ሰው ነበር። ቦርሳውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ያለውን አግዳሚ ወንበር ሰጣት፤ ከዚያ ሆና ፊደሉን ማየት ቻለች። ያ ወር የእህቴ ነበር። ማታ ማታ ሥራዋን እየጮኸች ታነብ ነበር፤ አባቴም ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ ሲሰማት አይቼዋለሁ።

በዚያ አገር ትልልቅ እንግዶች የሚመጡት መንገዱ ሲደርቅ ነው፤ መንገዱ የሚደርቀው ደግሞ ፀሐይዋ ስትከፋ ነው። ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው እንደሚመጡ ተነገረን። እኔ ትልቅ ሲባል ቁመታቸው ከኩይሳው የሚበልጥ ሰው እጠብቅ ነበር። ከጧት ጀምሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰለፍን። ቆብ፣ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሁሉም ከራስ ይውረድ ተባለ። መምህር ጃርሶ ዲሬክተሩን ስለ ትርንጎ ለመነው። "እሺ፣ ከኋላ ትቁም፤ አትታይ" አለ ዲሬክተሩ።

መኪናዎቹ ሲቃረቡ ሰዉ ተገፋፋ፤ የኋላው ከፊት ሆነ። "እጅ ንሱ!" ተባለ። ሁላችንም አጎነበስን። በዚያ ሁሉ የጎበጠ ጀርባ መካከል አንዲት ትንሽ ድንኳንም አብራ አጎነበሰች። መኪናው ቆመ።

የወረዱት ሰውዬ አጭር፣ ቀጭን፣ ሳል ያስቸገራቸው ሽማግሌ ነበሩ። ወደ እህቴ መጡ።

"ይቺ ምንድን ናት? ማን ሠራልሽ?"

"እትዬ የሺ" አለች ትርንጎ፤ ሰው ሁሉ እትዬ የሺን የሚያውቅ ይመስላት ነበር።

ሲባጎውን ፈትተው ለቀቁት፤ ጣሪያው ተኛ። ሳቡት፤ ተነሣ። ደግመው ለቀቁት፣ ደግመው ሳቡት። "ግሩም ነው! ግሩም!" እያሉ እንደ ልጅ ሳቁ። ሰውዬው ክፉ አልነበሩም፤ ይህን ደጋግሜ ማለት አለብኝ። በዚያ ቀን ማንም ክፉ አልነበረም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ትልቅ ሰው አንድን ነገር ወደድኩ ካለ ነገሩ የሳቸው ነው። ዲሬክተሩ ይህን ከናቱ ጡት ጋር ጠብቶታል። ጎንበስ ብሎ፣ "የተማሪዎቻችን የእጅ ሥራ ፍሬ ነው፤ ለክቡርነትዎ መታሰቢያ ይሁንልን" አለና እጁ ወዲያው የትርንጎን ማንገቻ መፍታት ጀመረ።

"አይ፣ አይ፣ ተው! ልጅቷ ትያዘው" አሉ ሰውዬው።

ከልባቸው ነበር ያሉት። እኔ ቅርብ ነበርኩ፤ ፊታቸውን አይቻለሁ። ግን ባገራችን እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፤ ጨዋነቱ ነው። ባለቤቱም እምቢታውን አይሰማም፤ የሱም ጨዋነቱ ነው። ሰውዬው ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ቢሉ ስጦታ ናቁ ይባላል። ስለዚህ ተቀበሉ። ሁለት ጨዋ ሰዎች በጨዋነት እየተጋፉ የእህቴን ጣሪያ ከላይዋ ገፈፉት። መጽሐፎቹን መሬት ላይ ዘረገፏቸው፤ ዳዊቱ አቧራ ላይ ተከፍቶ ወደቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ሰውዬው ጉንጯን ዳበስ አድርገው ወደ መኪናቸው ተመለሱ።

ከዚያ ንግግር ነበረ። ንግግሩ ስለ ትምህርት መስፋፋት ነበር። ሰልፍ ጥሎ መውጣት ክልክል ነው። ትርንጎ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቆመች፤ የሚቃጠለው የእጇ ጀርባ ሆነ። መምህር ጃርሶ ኮቱን አውልቆ ሊያለብሳት ሲል ዲሬክተሩ ከሩቅ በዐይኑ ገላመጠው። ጃርሶ ኮቱን መልሶ ለበሰ። ንግግሩ እስከ ቀትር ዘለቀ።

እትዬ የሺ ትርንጎን ጨለማ ክፍል ውስጥ አስተኝታ በእርጥብ ጨርቅ ስታቀዘቅዛት አባታችን እየሮጠ ገባ። ፊቱ ቀልቷል፤ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ በእህቴ አዝኖ የሚያለቅስ መስሎኝ እጁን ያዝኩት።

"ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ እያለኝ ነው!" አለ። "የልጄ ቦርሳ አዲስ አበባ ሊገባ!"

እትዬ የሺ ጨርቁን ጨመቀችው። "ልጅህስ? ልጅህ የት ልትገባ ነው?"

"እትዬ፣ ክብር ነውኮ!"

"ክብሩን ናና አንገቷ ላይ እየው።"

አላየውም። እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አስብ ነበር፤ ያ ሽማግሌ ጧት ጧት ቦርሳችንን አዝለው፣ ሲባጎውን ስበው፣ እየሳሉ ወደ ቢሯቸው ሲሄዱ ይታየኝ ነበር። ቢያንስ እሳቸውን ፀሐይ አታገኛቸውም ብዬ ተጽናናሁ።

አላዘሉትም። ቦርሳው እዚያው ያደሩበት ቤት በረንዳ ላይ ቀርቶ ተገኘ። አሽከሮቹ ረስተውት ይሁን ትተውት አይታወቅም። ዘበኛ ለትምህርት ቤቱ አመጣው፤ ዲሬክተሩም ቢሮው ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቀለው። እትዬ የሺ ይህን እንደሰማች ጥቁር ልብሷን ለብሳ፣ እኔን አስከትላ ሄደች።

"የልጄን ዕቃ ልወስድ መጥቻለሁ።"

"እትዬ፣ ይቀመጡ" አለ ዲሬክተሩ፤ ወንበር ሳበላት። እንዳልኩት ጨዋ ሰው ነው። "ይህ እኮ አሁን የልጅቷ አይደለም። የክቡርነታቸው ነው።"

"ጥለውት ሄደዋል።"

"አደራ ነው የተዉት። ነገ ተመልሰው 'የታል?' ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?"

"ፀሐይ የምትመታት ልጅ አዝላዋለች በላቸው።"

"እትዬ የሺ፣ ትርንጎ ቦርሳዋ እንዲህ በክብር መሰቀሉ ደስ ሊላት ይገባል።"

አክስቴ ቦርሳውን ቀና ብላ አየችው። ጥላ ውስጥ፣ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። "እሱስ ተመችቶታል" አለችና ወጣች።

ሌላ ለመስፋት ከድንኳኑ የተረፈው የበሰበሰው ወገን ነበር። ቢገኝም አባቴ ከለከለ። "ለሳቸው የሰጠነውን ደግመን ብንሠራ እንደተቀማን ቆጠርነው ማለት አይሆንም?"

"ተቀምተናልኮ!" ብላ ጮኸች እትዬ የሺ። ጎረቤት እንዳይሰማ አባቴ በሩን ዘጋ። ትርንጎ ቤት ቀረች። እኔ ብቻዬን በኩይሳው አጠገብ አልፍ ጀመር።

አሁን ደግሞ ወደሚያሳፍረው ክፍል ልምጣ። መንገዱ ገና ደረቅ ስለሆነ እንግዶች መምጣታቸውን አላቆሙም። ዲሬክተሩ ለያንዳንዱ ቦርሳውን ያሳያል። ግን ሚስማር ላይ ሆኖ ጣሪያው አይነሣም። ዘበኛውን ቢያሳዝለው ማንገቻው ክንዱ ላይ ቀረ። ስለዚህ ትርንጎ ተጠራች። ፀሐይ እንዳይነካት ከማዘጋጃ ቤት መኪና ተላከላት። ለትምህርት ያልተገኘ መኪና ለትርኢት ተገኘ! በራችን ላይ ቆሞ ጥሩንባውን ሲነፋ አባቴ ራሱ አቅፎ ጫናት። ቦርሳውን ያሳዝሏታል፤ እንዲቆም ከዲሬክተሩ መደርደሪያ መጽሐፍ ይሞሉበታል፤ ሲባጎውን ትስባለች፤ እንግዶቹ ያጨበጭባሉ። ከዚያ ቦርሳው ወደ ሚስማሩ፣ እሷ ወደ ጨለማው ክፍል። ክፍሏ፣ አግዳሚ ወንበሯ፣ ከቆመችበት አጠገብ ነበሩ። "ትንሽ ቁጭ ብላ ትማር" ያለ ሰው አልነበረም። መኪናው ይመለሳላ!

በዚያ ወቅት መጨረሻ፣ ሰማዩ ለዝናብ መዳመን ሲጀምር፣ የመጨረሻዎቹ እንግዶች መጡ፤ ሁለት ፈረንጆችና ከነሱ ጋር ያሉ የኛ ሰዎች። እኔ ለእንግዶቹ ከሚዘምሩት ልጆች ጋር በግቢው ጥግ፣ ከሁለተኛ ክፍል መስኮት አጠገብ ቆሜ ነበር። ውስጥ መምህር ጃርሶ ሲያነብና ልጆቹ ሲከተሉት ይሰማኛል። ትርንጎን ከመኪናው አወረዷት፤ ቦርሳውን አሳዘሏት፤ መጽሐፎቹን ሞሉ።

"ሳቢው" አለ ዲሬክተሩ። ሳበችው። ተነሣ። እንግዶቹ በግርምት አጉረመረሙ።

"አሁን ደግሞ ስትሄጂ እንዴት እንደሚያስጠልልሽ አሳዪያቸው። ተራመጂ።"

ትርንጎ ተራመደች። ሲባጎውን ቁልፉ ላይ ጠምጥማ፣ እጆቿን ለቅቃ፣ ዐይኖቿን ገልጣ፣ ቀጥ ብላ ግቢውን ታቋርጥ ጀመር። ፈረንጆቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። "በቃ፣ አሁን ተመለሺ" አለ ዲሬክተሩ። አልተመለሰችም። "ትርንጎ!" አላት ለስለስ አድርጎ፤ በእንግዳ ፊት አይጮህ ነገር። የሄደችው ወደ በሩም ወደ መኪናውም አልነበረም፤ ወደኛ ነው። መፍራቷ ያስታውቅ ነበር። በአጠገቤ ስታልፍ ወደ እኔ አላየችም። የሁለተኛ ክፍልን ሁለት ደረጃዎች ወጣች፤ ጣሪያዋ በሩን እንዳይነካ አጎንብሳ ገባች።

እንግዶቹ ይህም የትርኢቱ ክፍል መስሏቸው ጭብጨባውን አበረቱት። ዲሬክተሩ ቀኝና ግራውን አየ። ምን ያድርግ? እሱም አጨበጨበ። መዝሙር የሚያስጠናን መምህር "አጨብጭቡ" አለን። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እኔ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

በመስኮቱ አየሁ። መምህር ጃርሶ ጠመኔውን እንደያዘ ቆሟል። ትርንጎ ጣሪያዋን አጣጥፋ፣ ከሰሌዳው ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ፊት ቆማለች። ወንበሯን ሁለት ልጆች ይዘውታል። ጃርሶ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፤ የሚያጨበጭበውን ዲሬክተር አየ፤ ዲሬክተሩም እያጨበጨበ፣ በዚያው በድሮው ዐይኑ፣ ገላመጠው።

"ትርንጎ" አለ መምህር ጃርሶ ጠመኔውን አስቀምጦ። "ጠጋ በሉላት እናንተ። ተቀመጪ፤ ብዙ ትምህርት አምልጦሻል።"

ከዚያም መጥቶ መስኮቱን በፊታችን ዘጋው።